በረዶ በሌለበት ለበረዶ መዘጋጀት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)

ለዛሬው በዓል ከ12ኛ ክፍል አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ተማከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ሩጫ፣ ሌሎቻችንም ስለ እግር ኳስ ይሁን አልን። ነገር ግን ስለ ሩጫ በሀገራችን ያልሰማ የለም፤ ስለ እግር ኳስም የማይከራከር የለም። ስለዚህ ከመካከላችን ማንም ሞክሮት ስለማያውቅ ነገር፣ ይኸውም በበረዶ ላይ ስለሚደረግ ስፖርት፣ ይልቁንም ስፖርተኞቹ በረዶው በማይገኝበት ወራት እንዴት እንደሚለማመዱ ልንነግራችሁ መረጥን። በረዶ በሌለበት ሀገር ስለ በረዶ መናገር ምን ይጠቅማል የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። በረዶ ያለው ሰው በበረዶው ላይ ይለማመዳል፤ ይህ አያስደንቅም። የሌለው ሰው የሚያደርገውን ማወቅ ግን ብዙ ነገር ለጐደለብን ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት አለበት።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን በረዶ ስንል አብዛኛውን ጊዜ ከዝናብ ጋር ወርዶ የቆርቆሮ ጣራችንን የሚደበድበውን፣ ጠጠር የሚመስለውን ማለታችን ነው። ይህ ስፖርት የሚደረግበት ግን እንደ ተፈለቀቀ ጥጥ ሆኖ በዝግታ የሚወርደውና ምድርን ሸፍኖ ለወራት የሚቆየው ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን አመዳይ የሚለው ቃል ይህንኑ ያሳስበናል። ስኪ የሚባለው ደግሞ በጫማ ላይ የሚታሰር ረጅምና ቀጭን፣ ጫፉ ወደ ላይ የቀና ጣውላ መሰል ነገር ሲሆን፣ ተጓዡ በሁለት እጁ ሁለት ዘንግ ይይዛል። ከተራራ ቁልቁል የሚወርዱበት አለ፤ በሜዳና በኮረብታ ረጅም መንገድ የሚጓዙበት አለ፤ ከከፍተኛ መንደርደሪያ ተወርውረው በአየር ላይ የሚዘሉበትም አለ።

ወራቱም ከእኛ ጋር አይገጥምም። እነርሱ ክረምት የሚሉት ብርዱ የሚበረታበት ወቅት እኛ ደረቁን በጋችንን የምናሳልፍበት ነው። ስለዚህ በዚህ ንግግር ስለ እነርሱ ክረምት ስንል በረዶ ያለበትን ወራት፣ በጋ ስንል በረዶ የሌለበትን ወራት ማለታችን ነው። ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጠራለን።

እንግዲህ የስፖርተኞቹ ችግር ይህ ነው። በብዙ ሀገሮች የስኪ ተወዳዳሪ በደጁ በረዶ የሚያገኘው በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ቀሪዎቹን ወራት ቢተኛባቸው ልቡና ሳንባው ይደክማሉ፤ እግሩ ይሰንፋል፤ ሚዛኑን መጠበቅም ይረሳል። በረዶው ሲወርድ እጀምራለሁ ቢል ምን እንደሚደርስበት አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ነግረውናል። ስለዚህ በክረምት የሚታየው ድል በበጋ የተሠራ ድል ነው። ሕዝብ የሚያጨበጭበው በበረዶው ላይ ነው፤ ላቡ የፈሰሰው ግን ማንም ቆሞ ባላየበት በደረቁ መንገድ ላይ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ሰዎች በሁለት መንገድ ሄደዋል።

የመጀመሪያው መንገድ በረዶን የሚተካ ነገር መፈለግ ነው። በ1927 ዓመት በቪየና ከተማ፣ አገልግሎት ባቆመ የባቡር ጣቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ የኖርዌይ ተወላጅ የሆነ የስኪ ዘላይ ከሶዳ በተዘጋጀ ነጭ ዱቄት የተሸፈነ ሰው ሠራሽ ተራራ አቆመ። ሕዝቡ ለማየት ጐረፈ፤ ነገር ግን ሶዳው እንደ እውነተኛ በረዶ ስላልሆነ ቤቱ ብዙ ወራት ሳይቆይ ተዘጋ። ከዚህ የተሻለ ነገር የተገኘው በ1954 ዓመት ነው። በምሥራቅ ጀርመን በኦበርሆፍ አካባቢ ሐንስ ሬነር የሚባል አሠልጣኝ የመዝለያውን ቁልቁለት በፕላስቲክ ምንጣፍ አለበሰው። ምንጣፉ እንደ ሣር ክዳን ከተደራረቡ ቀጫጭን ፕላስቲኮች የተሠራ ሲሆን፣ ውሃ ሲረጩበት ስኪው እንደ በረዶ ይንሸራተትበታል። በዚህ ዘዴ ዘላዮቹ በሐምሌም በነሐሴም ለመዝለል ቻሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1960 በስኳው ቫሊ ኦሎምፒክ፣ ሔልሙት ሬክናግል የተባለው የምሥራቅ ጀርመን ልጅ የስኪ ዝላይን ወርቅ ወሰደ። ከዚያ በፊት ይህን ወርቅ ከሰሜን አውሮፓ ሀገሮች ውጭ የወሰደ ማንም አልነበረም።

ሌሎችም ብዙ ዘዴዎች አሉ። ፊንላንዶች በ1997 ዓመት በቩኦካቲ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሿለኪያ ሠርተው፣ ውስጡን አቀዝቅዘው በረዶ ስለ አነጠፉበት በበጋም ስኪ ይሄዱበታል። በስዊስ ሀገር በዳቮስ ደግሞ የክረምቱን በረዶ ከምረው በመጋዝ ዱቄት ይሸፍኑታል፤ ክምሩም በጋውን ተሻግሮ ለሚቀጥለው ወቅት መጀመሪያ ይደርሳል። እናቶቻችን እህልን ለክፉ ቀን በጐተራ እንደሚያስቀምጡ ማለት ነው። የብዙ ቤተሰቦቻችን ልጆች ለሥራ በሚኖሩበት በዱባይም በ2005 ዓመት በአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ የስኪ ተራራ ተከፍቷል። ውጭው አርባ ዲግሪ ሲያልፍ ውስጡ ከዜሮ በታች ነው። ይህ ሁሉ የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብና ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ገንዘብ ለሌለው መንገድ አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ይኸውም በረዶውን ትቶ ሥራውን መመርመር ነው። ስኪ መሄድ ምን ምን ይጠይቃል ብሎ መጠየቅ፣ አንዱን ሥራ በየክፍሉ መለየት፣ ከዚያም እያንዳንዱን ክፍል ባለው ነገር መለማመድ ነው። ሂሳብ አስተማሪያችን ከባድ ጥያቄ ሲገጥማችሁ ቈርጣችሁ በየተራ ሥሩት እንደሚሉን ያህል ነው።

ረጅም መንገድ የሚሄድ የስኪ ተወዳዳሪ አንደኛ ብርቱ ልብና ሳንባ ያሻዋል፤ ይህን በሩጫ ያገኘዋል። ሁለተኛ በክንዱና በትከሻው ዘንጉን መግፋት አለበት፤ ስለዚህ ሁለት ዘንግ ይዞ ዳገት ላይ እየዘለለ ይወጣል። ሦስተኛ በአንድ እግሩ ቆሞ ሚዛኑን ጠብቆ መንሸራተት ይገባዋል፤ ለዚህም ባለ ጎማ ስኪ ተሠርቶለታል። ይህ መሣሪያ ከእውነተኛው ስኪ የሚያጥር ዘንግ መሰል ብረት ሆኖ ከፊትና ከኋላ ትንንሽ ጎማዎች አሉት። እግር መሬቱን ሲረግጥ እንዳያፈገፍግ፣ ለአንደኛው ዓይነት አካሄድ በተሠራው ላይ ጎማው ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይዞርም። የዘንጉም ጫፍ አስፋልት እንዲነክስ ጠንካራ ብረት ይደረግለታል።

በበረዶ ላይ በጫማ የሚሽቀዳደሙትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጐንበስ ብለው በጭናቸው ኃይል ስለሚሄዱ በበጋ ብስክሌት ይነዳሉ። የምሥራቅ ጀርመኗ ክሪስታ ሉዲንግ-ሮተንቡርገር ይህን የበጋ ልምምድ ከማክበሯ የተነሣ በ1988 ዓመት በካልጋሪ የክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ሩጫ ወርቅ ከወሰደች በኋላ፣ በዚያው ዓመት በሴኡል የበጋ ኦሎምፒክ በብስክሌት ብር አገኘች። መለማመጃ ይሁን ተብሎ የተጀመረው ነገር ራሱ ሁለተኛ ሙያ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሀገርና ወደ ጐረቤታችን እንምጣ። ሮቤል ተክለማርያም በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ስኪንም የተማረው በዚያ ነው። በ2006 ዓመት በኢጣልያ በቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ቀረበ፤ ከዚያ ቀደም ኢትዮጵያዊ በክረምት ኦሎምፒክ ተወዳድሮ አያውቅም። በ2010 ዓመትም በካናዳ በቫንኩቨር ደግሞ ተሰለፈ። ለዚህ ሲዘጋጅ ባለ ጎማ ስኪውን አጥልቆ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ይለማመድ ነበር። መኪናው፣ ታክሲው፣ አህያው በሚተላለፍበት ጐዳና ዘንግ እየገፋ የሚያልፍ ሰው ያዩ ሰዎች ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን አንድ ጥቅም ነበረው። የስኪ ጉዞ ውድድር መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር ባይበልጥ ይገባል የሚል ደንብ አለ፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። በረዶ ባይኖራትም ሳንባን የሚያበረታው ስስ አየር አላት።

ከእርሱ በፊት የኬንያው ፊሊፕ ቦይት ነበር። ቦይት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ሲሆን፣ በ1996 ዓመት ወደ ፊንላንድ ሄዶ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ አየ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጃፓን በናጋኖ ኦሎምፒክ በ10 ኪሎ ሜትር ተወዳደረ፤ ከሁሉም በመጨረሻ ገባ። አሸናፊው የኖርዌዩ ቢዮርን ዴሊ ነበር። ዴሊ ቀደም ብሎ ቢገባም ሜዳሊያው የሚሰጥበትን ሥርዓት አቆይቶ ቦይትን በመጨረሻው መስመር ላይ ጠበቀውና አቀፈው። ቦይትም በኋላ ለወለደው ልጁ የዴሊን ስም ሰጠው። የዓለም አንደኛ የሆነው ሰው የመጨረሻውን ስለምን ጠበቀ? በረዶ ከሌለበት ሀገር ተነሥቶ እስከዚያ መስመር ለመድረስ ስንት የደረቀ መንገድ እንደሚያልፍ ያውቅ ስለነበረ ይመስለናል።

ይህ ዴሊ ራሱ 8 የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። ነገር ግን የስፖርት ዘመኑን ያሳጠረበት የበረዶ ላይ አደጋ አልነበረም። በ1999 ዓመት በበጋ በባለ ጎማ ስኪ ሲለማመድ ወድቆ ጀርባው ተጐዳ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ብርታቱ ሊመለስ ስላልቻለ በ2001 ከውድድር ተሰናበተ። ይህን የምንነግራችሁ ልናስፈራራ አይደለም። የበጋ ልምምድ ጨዋታ እንዳልሆነና አስፋልት እንደ በረዶ ለስላሳ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። አብዛኛው ባለ ጎማ ስኪ ፍሬን የለውም፤ ስለዚህ የራስ ቁር ሳያደርጉና መኪና የሌለበትን መንገድ ሳይመርጡ መጀመር አይገባም።

የጃማይካን ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ1988 በካልጋሪ፣ ከሞቃት ደሴት የመጡ ወጣቶች ቦብስሌ በሚባለው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳደሩ። በሀገራቸው የተለማመዱት ጎማ ያለው ጋሪ እየገፉ ነበር። ይህ የማይረባ ጨዋታ አይምሰላችሁ፤ በዚህ ውድድር ሸርተቴውን በመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ሜትር ያህል ገፍቶ ማስፈንጠር ለውጤቱ ወሳኝ ነገር ስለሆነ፣ የሚፈለገው የአጭር ርቀት ሯጭ ጉልበት ነው። ይህንንም በደረቅ መሬት ሊለማመዱት ይቻላል። በካልጋሪ ሸርተቴያቸው ተገለበጠ፤ ከውስጡ ወጥተው በእግራቸው ወደ መጨረሻው መስመር ሄዱ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ብቻ ነው። እኛ ግን የሚበልጥብን የኋላው ነው፦ በ1994 በሊለሃመር 14ኛ ሲወጡ የአሜሪካንን ቡድኖች ቀድመዋል። በ2018ም ከናይጄሪያ ሦስት ሴቶች ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን የቦብስሌ ቡድን አቋቁመው በኮርያ ቀረቡ። መሪያቸው ሴዉን አዲጉን ቀድሞ የመሰናክል ሯጭ ስትሆን፣ ለመለማመጃ የሚሆነውን የመጀመሪያ ሸርተቴ ከእንጨት በገዛ እጇ ሠርታ ጎማ አድርጋለታለች።

ውድ ጓደኞቻችን፣ እስከ አሁን የተናገርነው ምስጋና ነው። አሁን ግን እውነቱን ሙሉ ለማድረግ የዚህን ልምምድ ጉድለት መናገር አለብን። ቀደም ሲል የባለ ጎማ ስኪው ጎማ ወደ ኋላ አይዞርም ብለናል። ይህ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ክፉ ልማድ ያስተምራል። በእውነተኛ በረዶ ላይ ተጓዡ የሰውነቱን ክብደት በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ጊዜ በስኪው ላይ ካላሳረፈ እግሩ ወደ ኋላ ያመልጠዋል። ጎማው ግን አሳሳተም አላሳሳተም ይይዝለታል። ጎማ ስሕተትን ይቅር ይላል፤ በረዶ ይቅር አይልም። በመንገድ ላይ ብቻ የተማረ ሰው ስሕተቱን ሳያውቅ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የሚያውቀውም በውድድሩ ቀን ነው። ከዚህም በቀር የበረዶውን ዓይነት ማወቅ፣ ለእርጥቡና ለደረቁ የሚስማማውን ሰም መርጦ ስኪውን መቀባት፣ በቁልቁለት ላይ ፍርሃትን ማሸነፍ፣ እነዚህ በበረዶው ላይ ካልሆነ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ሮቤል በአዲስ አበባ መለማመድ የቻለው በልጅነቱ በረዶ ላይ ስለ ተማረ ነው። ቦይትም ፊንላንድ ባይወሰድ ኖሮ ናጋኖ አይደርስም ነበር።

ስለዚህ ይህ ታሪክ ሁለት ትምህርት አለው እንላለን፤ አንዱ ለእኛ ለተማሪዎች፣ ሌላው ለታላላቆቻችን።

ለእኛ ያለው ይህ ነው። የጐደለውን ነገር እስኪመጣ ቁጭ ብለን አንጠብቅ። የእኛም ሜዳ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ይሆናል፤ ትምህርት ቤቱም ይዘጋል። ያ ጊዜ የእኛ «በረዶ የሌለበት ወራት» ነው። ዘንግ ይዞ ዳገት መውጣት፣ ደረጃ በሁለት እግር መዝለል፣ ዓይንን ጨፍኖ በአንድ እግር መቆም፣ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ካልሲ አድርጎ ከጎን ወደ ጎን መንሸራተት፣ እነዚህ ሁሉ የስኪ ሰዎች የሚሠሩአቸው ናቸው፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቁም። በትምህርትም ቢሆን እንዲሁ ነው። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ቢሆን አንዱ ሲያነብ ሁለቱ ከቃላቸው ይጠያየቁ። በቅርቡ ከመካከላችን ብዙዎቹ ቤተ መጻሕፍት ወደሌለበት ስፍራ ይሄዱ ይሆናል። ሥራውን በየክፍሉ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ግን ከክፍሎቹ አንዱን የሚለማመድበት ነገር በማንኛውም ስፍራ አያጣም።

ለታላላቆቻችን ያለውን በትሕትና እንናገራለን። ልጆቹ በጎማ እየተለማመዱ ነውና በረዶው ምን ያደርግላቸዋል አትበሉን። ማይክሮስኮፕን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተሳለው ሥዕል ብቻ የሚያውቅ ተማሪ ጎማው ይቅር ያለለት የስኪ ተጓዥ ነው። ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ መሣሪያው ፊት ሲቆም ግን እግሩ ያመልጠዋል። ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን በእጁ ቢነካው፣ የቀረውን ዓመት በሥዕሉ የሚማረው ሁሉ ሕይወት ያገኛል። እኛ ያለንን ይዘን ከመለማመድ አንቦዝንም፤ እናንተም ወደ በረዶው ልታደርሱን መሞከርን አትተዉ ብለን እንለምናለን።

ከመጨረሳችን በፊት አንድ ነገር እንጨምር። የምድር ሙቀት እየጨመረ ስለ ሄደ በረዶ የነበራቸው ሀገሮች ራሳቸው በረዶ እያጠራቸው መጥቷል። በ2022 በቤጂንግ የተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ከሞላ ጐደል በሙሉ የተከናወነው በመሣሪያ በተሠራ በረዶ ላይ ነው። በመንደራቸው በረዶ ይወርድ የነበረ ልጆች ዛሬ በጎማ የሚለማመዱበት ጊዜ እየረዘመ ነው። እንግዲህ ያለ በረዶ መዘጋጀት የድኻ ሀገር ብልሃት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሰው ትምህርት ሆኗል ማለት ነው።

ከእኛ በኋላ በዚህ ክፍል ለምትቀመጡ ታናናሾቻችንም ከጂምናዚየሙ በስተኋላ ያለውን ዳገትና ሁለት ሁለት ዘንግ ትተንላችሁ እንሄዳለን። ዝናቡ ሲያባራ ጀምሩት።